ፎርዱን ለማቆም

አማኑኤል ቤታችንን በመኪና የመታው መጋቢት ውስጥ፣ በረዶ ጥሎ ባደረበት ማለዳ ነው። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ የዮርዲን የትምህርት ቤት ምሳ እየቋጠርኩ ነበር። የሞተር ጩኸት ሰምቼ በመስኮት ሳይ፣ ነጩ ፎርድ ፒካፕ መንገዱን አቋርጦ አጥራችንን ጠርምሶ ገባ። ጣውላዎቹን እየጎተተ ሣሩ ላይ ወጣና የበረንዳውን ደረጃ ገጨው። የሳሎኑ መስተዋት እንዳለ ወለሉ ላይ ረገፈ። በቃው ስል ወደ ኋላ ሄደና እንደገና ገጨው። ከዚያ የመኪናውን አፍንጫ ደረጃው ላይ እንደደገፈ፣ እጁን ክላክሱ ላይ ጭኖ ቁጭ አለ።

ቀጸላ ታናሽ እህቴ ናት፤ ዮርዲ የእሷ ልጅ፣ የስድስት ዓመት ልጅ። አማኑኤል የቀጸላ ባል ነበር። ሁለት ጥርሷን አርግፎ ከቤት ካባረራት ወዲህ ከነልጇ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ የሚባለው ሰፈር፣ እኔና ባሌ ደምሰው ጋ ነበር የምትኖረው። "ካልተመለስሽ ቤቱን በላያችሁ ላይ አፈርሰዋለሁ" ይላት ነበር በስልክ። እኔ የሰካራም ፉከራ መስሎኝ ነበር። የዚያን ቀን እናትና ልጅን አልጋ ሥር ተቃቅፈው ሳገኛቸው፣ ዮርዲ ከፍርሃቷ የተነሳ ሱሪዋ ላይ ሸንታ ነበር።

ፖሊስ ጠራሁ፤ ከፖሊሱ ቀድሞ የደረሰው ግን የጋሽ ኣብራሃ ስልክ ነው። ጋሽ ኣብራሃ ፓርክ ሂል የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አዲስ አበባ ተምረው ያደጉ፣ ዴንቨር ውስጥ ባልና ሚስት በተጣላ ቁጥር ሁሉም የሚጠራቸው። አማኑኤል ራሱ ከመኪናው ሆኖ ደውሎላቸው ኖሯል።

"ቀጸላ ልጄ፣ የልጅሽን አባት በገዛ እጅሽ አታሳስሪው" አሏት። "ወረቀቱ ገና አላለቀም፣ ዲፖርት አድርገው አገሩ ይመልሱታል። ገመናችንን ለፖሊስ አንስጥ። እኛ እንይዘዋለን።"

ቀጸላም እንባዋን ጠርጋ ወጣችና ለፖሊሱ "በበረዶው ፍሬን አልይዝ ብሎት ነው" አለችው። ፖሊሱ ሁለቴ የተገጨውን ደረጃ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አፌን ስከፍት ቀጸላ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ቤቱ የእኔ፣ ደረጃው የእኔ፣ ዝም በይ የምባለውም እኔ። ፖሊሱ ለአማኑኤል የትራፊክ ቅጣት ሰጥቶት ሄደ።

ባሌ ታክሲ ነጂ ነው። ቸርች ውስጥ በመዘምራን የሚያገለግል፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር፤ በዚህ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። የዚያን ቀን ከሥራ ሲገባ የተሰባበረውን ደረጃ ቆሞ አየው። ዮርዲን አቅፎ ወደ ውስጥ አስገባት፤ እግዚአብሔር ልጅ ስላልሰጠን ይቺን ልጅ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት። በሳምንቱ ሽጉጥ ገዝቶ መጣ።

ሽጉጡን ያሳየው ለጓደኛው ለሓየሎም ነው። ሓየሎም አውሮራ ውስጥ የተበላሹ መኪኖችን የሚጎትት ቶው ትራክ አለው። በወጣትነቱ ደርግ ለውትድርና ወስዶት ነበር፤ አሁንም በየመኸሩ ተራራ ወጥቶ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ያድናል። ሽጉጡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀ።

"በዚህ ነው ፎርድ የምታቆመው?"

"ሞተሩን እመታዋለሁ" አለ ደምሰው።

"ፊልም አይተህ ነው። መኪና እንደ ሰው ጥይት ሲያገኘው የሚወድቅ መሰለህ?"

"ታዲያ ምን ያቆመዋል?"

ሓየሎም አገጩን አከከ። "እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ሞክሬ አላውቅም። የተጣሉ መኪኖች የምከምርበት ያርድ ውስጥ ሊጨፈለቅ የደረሰ የእሱ ዓይነት ፎርድ አለ። ያሉኝን መሣሪያዎች ይዘን እንውጣና እንየው።"

"እኔም እመጣለሁ" አልኩ። ሁለት ሽበታም ወንዶችን ከነጠመንጃቸው ሜዳ ላይ ብቻቸውን መልቀቅ አልተዋጠልኝም።

ከአውሮራ በሃይዌይ ሴቨንቲ ወደ ምሥራቅ ወጥተን፣ ዋትኪንስን አልፈን፣ አንድ አሮጌ ፈረንጅ ሓየሎም ጥንቸል እንዲያድንበት የፈቀደለት ሜዳ ደረስን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሓየሎም ፎርዱን ከትራኩ አወረደው። አረንጓዴ ቀለሙ ተላልጧል እንጂ ሁለመናው ልክ እንደ አማኑኤል መኪና ነው፤ ከሾፌሩ ኋላ ያለችው ጠባብ መቀመጫ እንኳ አልቀረች። እዚያች መቀመጫ ላይ የድሮ ባለቤቱ የረሳው የልጅ ወንበር እንደታሰረ ነበር፤ ስፌቱ ውስጥ የደረቀ ብስኩት አለ።

ደምሰው ከእኔ መኪና አንድ ትልቅ የዱቄት ጆንያ አወጣ። የራሱን አሮጌ ጃኬት አለበሰው፣ ሾፌሩ ቦታ አስቀመጠውና ቀበቶ አሰረለት።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አልኩት።

"ያለ ሾፌር የሚመጣ መኪና የለም" አለኝ።

መሪውን በገመድ ቀፍድደው አሰሩት። ሓየሎም ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሹን አስገብቶ ዘሎ ወረደ። ፎርዱ ቁልቁለቱን ይዞ በራሱ ጊዜ መምጣት ጀመረ። እኛ ከመንገዱ ጎን ካለ የአፈር ቁልል ኋላ ቆመናል።

ደምሰው በሽጉጡ ጀመረ። ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ። ኮፈኑ ተበሳሳ፣ መስተዋቱ ተሰነጣጠቀ፣ ፎርዱ ግን ሰላም ሳይለን አልፎን ሄደ። ሓየሎም እየተሳደበ ሮጦ ደረሰበትና ዘሎ ገብቶ አቆመው። ትንፋሹ ተቆርጦ ሲመለስ በሳቅ ሞትን። ከመጋቢት ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ሾትገን ሆነ። ሓየሎም የፊት ጎማውን አፈነዳው፤ የጎማው ቁራጭ ከራሳችን በላይ ተወረወረ። ፎርዱ አነከሰ እንጂ አልቆመም። በቸርኬው ድንጋዩን እያፋጨ፣ የእሳት ብልጭታ እየረጨ መጣ። ከዚያ ክላሽ አወጣ። ክላሹ ሲንጣጣ ጆሮዬን ደፈንኩ። መብራቶቹ ረገፉ፣ ራዲያተሩ ተበሳስቶ ውኃው ተንዠቀዠቀ፣ እንፋሎቱ መኪናውን ጋረደው። አበቃለት ስንል ያው አፍንጫ ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ አለ። ያኔ ሳቄ ጠፋ። አማኑኤል ራሱ እየመጣብኝ መሰለኝ።

መጨረሻ ላይ ሓየሎም ኤልክ የሚጥልበትን ትልቁን ጠመንጃ አነሳ። ሞተሩን ሲመታው ብረቱ እንደ እንስሳ ጮኸ። ዘይት እየተፋ፣ እየተንቋቋ ሄደ። ደገመው። አሁንም ሄደ። ሜዳውን ጨርሶ ከታች ያለው ቦይ ውስጥ አፍንጫውን ተከለና፣ እዚያው እያጓራ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

"አየህ?" አለ ሓየሎም። "በርህ ላይ ቢሆን ይሄን ጊዜ ሳሎንህ ገብቷል። በቃ፣ አጥርህ ሥር የሲሚንቶ ግንድ ትከል። ከዚህ ሁሉ እሱ ይሻላል።"

ደምሰው ትልቁን ጠመንጃ ከእጁ ተቀብሎ ወደ ቦዩ ወረደ፣ ከፎርዱ ፊት ለፊት ቆመ፣ አነጣጠረና ተኮሰ። ሾፌሩ ቦታ ዱቄቱ ቡን አለ። ደገመ። የጃኬቱ ትከሻ ተገነጠለ። ነጩ ብናኝ በየመስኮቱ እየወጣ ነፋሱ ወሰደው።

"ደምሰው፣ እሱ መኪናው አይደለም" አለው ሓየሎም።

"መኪናው አይቆምም። ራስህ ነህ ያሳየኸኝ።"

ወርጄ በሩን ከፈትኩ። የጆንያው ግማሽ የለም። ጥይቱ ጆንያውን በስቶ፣ የሾፌሩን ወንበር በስቶ፣ ከኋላ ያለውን የልጅ ወንበር መሀል ለመሀል ነድሎት አልፏል። ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ባሌን ጠራሁት።

"ይሄኛውስ?"

"እዚያ ማንም አይቀመጥም" አለኝ።

የዚያን ዕለት ራቱን ደጋግሞ በላ፤ ከመጋቢት ወዲህ እህል አልወርድ ብሎት የከረመ ሰው። ባሌን ፈራሁት። ከፍርሃቴ ጋር ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ሓየሎም ያዋሰው ጠመንጃ ቤት ውስጥ መኖሩን እያሰብኩ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ደምሰው ደረጃውን አሠርቶ አጥሩን ግን ለማሠራት እምቢ አለ። "የሚመጣበትን ባየው ይሻለኛል" ይል ነበር። ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አጠገቡ አስተኝቶ፣ በረንዳው ላይ መቀመጥ ልማድ አደረገው።

ሽማግሌዎቹ በግንቦት መጡ። ጋሽ ኣብራሃ ሳሎናችን ተቀምጠው፣ አማኑኤል መጠጥ እንደተወ፣ እያለቀሰ እንደሚደውልላቸው ነገሩን። ደምሰው ቆሞ ሰማቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ" አላቸው። "ያ መኪና እዚህ ሣር ላይ ከወጣ ግን ሾፌሩን እገድለዋለሁ።"

ይህን ብሎ በሩን ከፍቶ ያዘላቸው። እኔ በእፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽምግልና ደግሞ የራሱ አካሄድ አለው። በአንዱ በኩል እምቢ ሲባሉ በሌላው ይዞራሉ፤ ለዚህኛው ያሉትን ለዚያኛው አይነግሩም፣ ነገሩ እስኪበስል በሆዳቸው ይይዙታል። ስንት ትዳር በዚህ ድኗል። ጋሽ ኣብራሃ ደምሰውን ትተው ወደ ቀጸላ ዞሩ።

"ቅዳሜ ልጅቷን እኔ ቤት አምጫት" አሏት። "ዙ፣ አራዊት ማያው ቦታ፣ ወስዷት ይዋል። ከዚያ ራሱ ወደ ቤት ይመልሳታል፣ የሰበረውን አጥር የሚሠራበት ጣውላም ጭኖ ይመጣል። እኔና አንቺ ከኋላ እንከተላለን። እግራችሁ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃል። ደምሰውም ልጅቷን አቅፎ ሲያየው ልቡ ይራራል። እስከዚያው ለእሱ አትንገሪው፤ ለእህትሽ ለዘርፈሽዋልም ቢሆን።"

ቀጸላ እሺ አለች። ለደምሰው ልጅቷን ልብስ ልገዛላት ነው ብላው ወጣች። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።

ቅዳሜም ሥራ እገባለሁ፤ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እገፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ጨርሼ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ አንድ ነጭ ፎርድ ከፊቴ ገባ። ታርጋውን ሳየው የአማኑኤል ነው። ከኋላው የተጫነው አዲስ ጣውላ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ይወዛወዛል። ከጣውላው በላይ፣ በኋላ መስኮቱ በኩል፣ ሐምራዊ ፊኛ ይታየኛል። ከፊኛው ሥር የማየው ሹሩባ ትናንት እኔ ራሴ የሠራሁት ነው።

ስልኬን ከቦርሳዬ ለማውጣት ስታገል ቤታችን ደረስን። ደምሰው በረንዳው ላይ ነበር። አማኑኤል የመኪናውን አፍንጫ አጥሩ ወደነበረበት ባዶ ቦታ አዞረ። የፍሬን መብራቱ በራ። ጣውላዎቹ ወደ ፊት ተንሸራተቱ። እኔም ፍሬን ያዝኩ። ደምሰው ብርድ ልብሱን ሲወረውረው አየሁት።

ተኩሱን ስሰማ የፎርዱ የፊት መስተዋት ነጭ ሆነ። የፍሬን መብራቱም ጠፋ። አማኑኤል እግሩ ከፍሬኑ ላይ ወድቆ ነዳጁ ላይ አረፈ መሰለኝ፣ ፎርዱ አጓራና ሣሩ ላይ ወጣ። አልቆመም። ደምሰው ስላልቆመ እንደገና ተኮሰ፣ ስላልቆመ እንደገና ተኮሰ። እኔ መስኮቴን ዘግቼ እጮሃለሁ። ፎርዱ አዲሱን ደረጃ ጠርምሶ በረንዳው ላይ ሲወጣ ደምሰው ወደ ጎን ዘለለ። ግድግዳው ተሰነጠቀ። ከመኪናዬ ወርጄ ወደ ፎርዱ ሮጥኩ። የኋላ ጎማዎቹ አሁንም ሣሩን እየቆፈሩ ይሽከረከራሉ፣ ጭቃው ፊቴ ላይ ይረጫል።

የሾፌሩን በር ጎትቼ ከፈትኩት። አማኑኤል ከአገጩ በላይ ፊት አልቀረውም። በጭኑ ላይ ተንጠራርቼ ቁልፉን አጠፋሁት። ፎርዱን ያቆመው ቁልፉ ነው።

ዮርዲ ከሾፌሩ ኋላ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች፣ አታለቅስም። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። ሐምራዊው ፊኛ የታሰረው በዚያ እጇ ላይ ነበር። በሻርፔ ክንዷን ጠፍንጌ አሰርኩ፤ ደሙ በጣቶቼ መካከል ይፈሳል። ደምሰው በሌላው በኩል መጥቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ።

"እዚያ ማንም አይቀመጥም ነበር እኮ" አለኝ።

የጋሽ ኣብራሃ መኪና የደረሰው ያኔ ነው። ቀጸላ መኪናው ሳይቆም ወረደች። ጩኸቷን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

ልጅቷ ተረፈች፣ እጇ ግን ተቆረጠ። ደምሰውን በካቴና ወሰዱት። የያዝንለት ጠበቃ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ነው አለን፤ ፎርዱ ቤቱን ሊመታ እየመጣ ነበር ወይስ ሊቆም? ቤቱን ሊመታ እየመጣ ከነበረ ደምሰው ቤቱን ተከላክሏል፣ ወደ ቤቱም ይመለሳል። ከኋላ ሆና ያየች አዋቂ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሽ ኣብራሃ እንደገና መጡ። በአንድ ሳምንት አርጅተው፣ ከዘራ ይዘው ነበር።

"ዘርፈሽዋል፣ አንዱን ቀብረናል፣ ሌላውን ደግሞ በቁሙ አታስቀብሪን" አሉኝ። "ፍጥነት እየጨመረ መጣ በይ። ቀድሞም አንዴ መትቶት የለ? ማን ይጠራጠርሻል?"

"አልመታም ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?" አልኳቸው። "በመጋቢት እውነቱን ብንናገር እሱም እስር ቤት፣ እኛም ቤታችን ነበርን። አሁን ፍሬን አልያዘም በይ ትሉኛላችሁ፣ ያኔም ፍሬን አልይዝ ብሎት ነው አስባላችሁን። እርስዎ ጋሼ፣ ከፍሬን ሌላ ውሸት የለዎትም?"

ሽማግሌን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ፤ እኔም አላዘንኩላቸውም።

ደምሰውን ለማየት እስር ቤት ሄድኩ። በመስተዋት ተለያይተን በስልክ ነው የምንነጋገረው። ፂሙ ነጭ ሆኗል።

"የፍሬን መብራቱን አይተሻል?" አለኝ።

"አይቻለሁ።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አስደገፈ። "እኔ የማየው የፊቱን ነው ዘርፌ። ከፊት ሆኖ ፍሬን አይታይም" አለኝ። ንገሪም፣ አትንገሪም አላለኝም። ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ ባሌ ነው። የዚያን ዕለት ልዋሽለት ቆርጬ ወጣሁ። ለመዋሸት ቆርጬ ነው ከእስር ቤቱ ሆስፒታል የሄድኩት።

ዮርዲ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዷን ትራስ ላይ አስቀምጣ ካርቱን ታያለች። ቀጸላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አንቲ ዘርፌ፣ ፖሊሷ ጥያቄ አደረገችኝ" አለችኝ።

"ምን አልሻት?"

"ዳዲ ሆም ደርሰናል አለኝ፣ ስቶፕ እያደረገ ነበር አልኳት። ሹር ነሽ? አለችኝ። ቢሊቭ አላደረገችኝም መሰለኝ።" ከዚያ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ መለሰች። "አንቺ ከኋላ ነበርሽ። ዌቭ አድርጌልሽ ነበር። አይተሽኛል አይደል?"

ያቺን እጅ ስትወዛወዝ አላየኋትም ነበር፤ ፊኛውን ነው ያየሁት። "አይቼሻለሁ" አልኳት።

በማግስቱ መርማሪዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝና ውኃ ሰጠችኝ። አስተርጓሚ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልፈልግም አልኳት። ጠበቃው የነገረኝ ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። መኪናው የት እንደነበረ፣ እኔ የት እንደነበርኩ አስረዳኋት። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

"የፍሬን መብራቱ በርቶ ነበር?"

ደምሰውን አሰብኩት፣ ነጭ ፂሙን። ከዚያ ይቺን ትንሽ ልጅ አሰብኳት፣ እኛ አዋቂዎቹ ሁላችን በአንድ በኩል፣ እሷ ብቻዋን በሌላው በኩል ቆማ፣ ባንድ እጇ።

"በርቶ ነበር" አልኳት። "ሁለቱም።"

"መቼ ጠፋ?"

"ባሌ ሲተኩስ" አልኳት።